የሚረዝመው ጠረጴዛ

ባለፈው ሳምንት ስለ ልጆች የክረምት ውሎ ተጫውተን ነበር። ዛሬ ስለ አንድ ጠረጴዛ ላወራችሁ ነው። «ደግሞ ስለ ጠረጴዛ ምን ይወራል?» የምትሉ አትጠፉም፤ ባለቤቴም ይህንኑ ብላኛለች። ነገር ግን የኛ ቤት ጠረጴዛ ለአራት ዓመት እናቴን ከገበታ አርቆብኝ ኖሯል። እኔ ያወቅሁት በጣም ዘግይቼ ነው።

ቤታችን ደብረ ማርቆስ ነው። እናቴ ከደምበጫ ወጣ ብሎ ገጠር ትኖራለች፤ ወንድሜ አዲስ አበባ፣ እህቴ ባሕር ዳር ናቸው። የባለቤቴ ወላጆች ደግሞ ከቢቸና ይመጣሉ። በአዘቦት ቀን እኔ፣ ባለቤቴና ሦስት ልጆቻችን አምስት ነን። በፋሲካ ሰሞን ግን አሥራ ሁለት እንሞላለን። ፋሲካ መቼም ከመጋቢት 26 አይቀድም፣ ከሚያዝያ 30 አያልፍም፤ ሚያዝያ 30 ደግሞ ከተማችን ስሟን የወሰደችበት የቅዱስ ማርቆስ ቀን ነው። ስለዚህ ከአንዱ በዓል እስከ ሌላው የቤታችን በር አይዘጋም።

ለዚህ ብለን ነበር ከአምስት ዓመት በፊት የሚረዝም የምግብ ጠረጴዛ የገዛነው። ሲዘጋ ስድስት፣ ሲከፈት አሥር ሰው ያስቀምጣል ተባልን። ሻጩ እዚያው ሱቁ ውስጥ አሳየን፤ ሁለቱን ጫፎች ሳብ ሳብ ሲያደርግ መሐሉ ሰተት ብሎ ተከፈተ፣ ከኋላ ትርፉን ገበታ አምጥቶ ጣል አደረገበት፣ አለቀ። አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም። እኛም ተደንቀን ከፍለን ወሰድን።

የመጀመሪያው ዓመት ደህና ነበር ማለት ይቻላል። በሦስተኛው ፋሲካ የሆነውን ግን ልንገራችሁ። እኔ በአንድ በኩል፣ ወንድሜ በሌላ በኩል ይዘን እንጎትታለን። የእህቴ ባል የሞባይል መብራት አብርቶ ከሥር በጀርባው ተኝቷል። ትርፉ ገበታ ከቁም ሣጥን ጀርባ ወጥቶ ግድግዳ ተደግፎ ይጠብቃል። አንዱ ጎን ሲመጣ ሌላው ይነክሳል። «ወደ ቀኝ!» «ያንተ ቀኝ ነው የኔ?» እንባባላለን። ባለቤቴ የዶሮ ወጡን ድስት እንደያዘች በር ላይ ቆማለች። እናቴ ትንሽ አየችንና «ኧረ ተዉት በሞቴ! እኔ እዚሁ ይበቃኛል» ብላ ዱካ ስባ ከግድግዳው ጥግ ተቀመጠች። ሁለቱ ትንንሾቹ ልጆችም ተከትለዋት ሄዱ። እኛም ተውነው። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎን ነው የተውነው።

ዘንድሮ ጥር ላይ ስልኬ ውስጥ ያሉትን የበዓል ፎቶዎች ሳገላብጥ ነገሩ ከነከነኝ። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ባሉት ሥዕሎች ሁሉ እናቴ ጠረጴዛው ዙሪያ የለችም። ከዳር ናት፤ ሰሃኗን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ልጆቹን አጠገቧ ሰብስባ። በመጀመሪያው ዓመት እንኳ ከጠርዙ ላይ ዘወር ብላ ነው የተቀመጠችው፤ የጠረጴዛው እግር ጉልበቷን ከልክሏት። «እናቴ ትሕትና ስለምትወድ ነው» እያልኩ ራሴን ሳታልል ነው የኖርኩት። ትሕትናዋስ እውነት ነው። ግን እህቴ ቤት፣ ባሕር ዳር፣ ከመሐል ተቀምጣ የምትበላበት ፎቶም አለ! የእህቴ ሳሎን ሰፊ ነው፤ ጠረጴዛዋ ዓመቱን ሙሉ እንደተዘረጋ ነው የሚውለው። እዚያ ማንም ለእናቴ ብሎ ሲጎትት አታይም።

የኛ አገር እንግዳ ሰው ሲቸገርለት ማየት አይወድም፤ የሀገር ሽማግሌና እናት ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ጠረጴዛው ሲጎተት፣ ሲንጓጓ፣ ሲያላብ ያየ እንግዳ «ተዉት» ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ ለመክፈት ሦስት ወንድ የሚፈልግ ጠረጴዛ ወረቀቱ ላይ አሥር ሰው ቢያስቀምጥም ቤት ውስጥ የስድስት ሰው ጠረጴዛ ነው።

አንድ ቅዳሜ ልጆቹን አሰልፌ ጠረጴዛውን ገለበጥነውና ካቻቢቴ ይዤ ከሥሩ ተቀመጥኩ። ሻጩን ለመውቀስ አይደለም፤ ዕቃው ምን እንደሆነ ሳይገባኝ የገዛሁት እኔ ነኝ።

መጀመሪያ ያየሁት ትርፉን ገበታ ነው። ቺፕውድ ነው፤ የተፈጨ እንጨት በሙጫ ተጨምቆ የተሠራ። ጠርዙ ላይ የተለጠፈው ፕላስቲክ ትንሽ ከተላቀቀ እርጥበት ይጠጣል፣ ያብጣል፤ አንዴ ካበጠ ደግሞ ወደ ነበረበት አይመለስም። እኛ ያስቀመጥነው ከቁም ሣጥን ጀርባ፣ የውጭውን ግድግዳ አስደግፈን ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የሐምሌና የነሐሴ ዝናቧንና ብርዷን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ግድግዳው ራሱ ያልባል። ገበታው በጥቂት ክረምት ውስጥ እንደ ደጋን ጎበጠ። ጠርዙ ላይ ያሉት የእንጨት ችካሎች ከቀዳዳዎቻቸው ጋር አልገናኝ ያሉት ለዚህ ነበር።

ቀጥሎ ሐዲዶቹን አየሁ። በቀኝና በግራ ሁለት ብረት ሐዲዶች አሉ፤ ጠረጴዛው የሚከፈተው ሁለቱ እኩል ሲሄዱ ብቻ ነው። ሰፊ መሳቢያ በአንድ ጥግ ብቻ ይዛችሁ ስባችሁ ታውቃላችሁ? ጠመም ብሎ ይነክሳል። ነገሩ የስፋትና የርዝመት ጉዳይ ነው፤ የሚሳበው ነገር በጣም ሰፊ ሆኖ ሐዲዱ የሚደራረብበት ርዝመት አጭር ከሆነ በትንሹም መጣመም ይጣበቃል። የኛ ጠረጴዛ ወርዱ 90 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሐዲዱ ሲከፈት የሚደራረበው ግን 30 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ጥሩ የሚባሉት ጠረጴዛዎች ሁለቱን ወገን በጥርስ ያያይዟቸዋል፤ አንዱ ሲሳብ ሌላውም እኩል ይሄዳል። የኛ ያ የለውም። እኔና ወንድሜ ነበርን ጥርሱ።

ዋናው ግን መሐሉ ነው። ጠረጴዛው ለሁለት ተሰንጥቆ የሚረዝም ስለሆነ አራቱ እግሮች ወደየዳሩ ይሸሻሉ፣ መሐሉ ላይ የሚደግፍ ነገር አይኖርም። በሁለት ድጋፍ መሐል የተጋደመ ጣውላ መሐሉ ላይ ያው አንድ ክብደት ቢጫንበት፣ ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን የሚጎብጠው እጥፍ አይደለም፤ ስምንት እጥፍ ነው። እኛ ደግሞ የዶሮ ወጡን ድስት፣ የእንጀራውን ትሪና የጠላውን ማሰሮ የምናስቀምጠው የት ነው? መሐሉ ላይ! ደካማ ጎኑ ላይ ሁልጊዜ ከባዱን እናሸክመዋለን።

እዚህ ላይ ትንሽ ወጣ ልበል። አያቶቻችን ይህን ችግር እንዴት ነበር የሚፈቱት? መሶቡ አይረዝምም፤ ሰው ሲበዛ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ነው። ስፋቱ አንድ ሜትር የሆነ ክብ ዙሪያው 3.14 ሜትር ነው፤ ለአንድ ሰው 60 ሴንቲ ሜትር ብንሰጥ የሚይዘው አምስት ሰው ነው። ግን ትከሻን ዘወር አድርጎ አንድ እጅ ብቻ ማስገባት ሲመጣ ሰባትም ስምንትም ይሆናል፤ የሁሉም እጅ ከመሐሉ እኩል ይርቃል። ሰው ከዚያም ሲያልፍ ደግሞ ገበታው ሳይሆን ተራው ነው የሚረዝመው። አፄ ምኒልክ ግብር ሲያበሉ በሺህ የሚቆጠር ሰው ተራ በተራ እየገባ ነበር የሚበላው። በየቤታችንም ያው ነበር፤ መጀመሪያ ትልልቆቹ፣ ከዚያ ጎልማሶቹ፣ በመጨረሻ እኛ ልጆቹ። እኔ የመጨረሻው ተራ ልጅ ነበርኩ፤ የቀረልንን ሥጋ በዓይን እየቆጠርን ነው ያደግነው። ሥርዓቱን አልነቅፍም። የኔ ልጆች ግን አያታቸውንና የአጎታቸውን ልጆች በዓመት ሁለት ጊዜ ቢያገኙ ነው፤ ያችንም ቀን በተራ ከፋፍዬ ላሳልፋት አልፈለግሁም።

አውሮፓውያንም በዚህ ብዙ ተጨንቀዋል። ከገበታው ሥር ተደብቆ የሚሳብ ክንፍ ያለው ጠረጴዛ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ይሠሩ ነበር። በ1800 እ.ኤ.አ. ሪቻርድ ጊሎው የተባለ እንግሊዛዊ፣ እርስ በርሱ እየተንሸራተተ የሚረዝም ሐዲድ ያለው ጠረጴዛ የፈጠራ መብት አወጣ፤ የኔ ጣጣኛ ጠረጴዛ የእሱ የልጅ ልጅ መሆኑ ነው። እኔን የገረመኝ ግን ሮበርት ጁፕ በ1835 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ መብቱን ያስመዘገበበት ክብ ጠረጴዛ ነው። ላዩን እንደ ወፍጮ ሲያዞሩት የተቆራረጠው ገበታ እንደ አበባ ወደ ውጭ ይፈነዳል፤ በየክፍተቱ ትርፍ ጣውላ ይገባበትና ክቡ ክብ እንደሆነ ይሰፋል። መሶብ ሲያድግ በሉት! ለኛ ቤት ሳሎን ግን የሚሆን አይደለም።

ወደ ራሴ ጉዳይ ልመለስ። ከተማችን ውስጥ የእንጨት ሥራ ቤት ያላቸው፣ ፀጉራቸው የሸበተ አንድ አናጢ አሉ። ስልኬ ላይ የሰበሰብኳቸውን ሥዕሎች ይዤ ሄድኩ። ያማረኝ፣ ትርፉ ገበታ እንደ መጽሐፍ ለሁለት ታጥፎ ጠረጴዛው ሆድ ውስጥ የሚደበቀው ነበር። ሰውየው ሥዕሉን አላዩትም፤ መላጊያቸውን አስቀመጡና ጠየቁኝ።

«ማን ነው የሚከፍተው?»

«አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቴ ናት።»

«ብቻዋን?»

«እኔ ከሥራ እስክመጣ፣ አዎ፣ ብቻዋን።»

«እንግዲያው ተነስቶ የሚመጣ ነገር አይኑረው። ብረትም አይብዛበት፤ ያ ማጠፊያ ቢሰበር መለዋወጫውን ከየት ታመጣለህ? አዲስ አበባ ልትልክ ነው?»

ከዚያ ከወለሉ ላይ የጣውላ ቁርጥራጭ ለቃቅመው በሥራ ጠረጴዛቸው ላይ ሠርተው አሳዩኝ። ያው ከ16ኛው ክፍለ ዘመን የመጣው ዓይነት ነው፤ እሳቸው የሚያውቁት ግን ድሮ አንድ አሮጌ ጠረጴዛ ሲጠግኑ ፈተው አይተው ነው። እንዲህ ነው የሚሠራው። ትልቁ ገበታ ከላይ አለ፤ ከሱ ሥር በግራና በቀኝ ሁለት ክንፎች ተኝተዋል። ከየክንፉ ሥር ሁለት ሁለት ረጃጅም ዘንጎች ተያይዘዋል። እግሮቹን ዙሪያውን የሚያስተሳስረው ጣውላ (እኔ መቀነት ብዬዋለሁ) ለዘንጎቹ መውጫ ተፈልፍሎለታል። ዘንጎቹ ቀጥ ብለው አይተኙም፤ እንደ ሽብልቅ ያዘነበሉ ናቸው። ክንፉን ስትስቡት ዘንጉ በመውጫው ላይ እየተንሸራተተ ክንፉን ቀስ በቀስ ከፍ ያደርገዋል። ጨርሶ ሲወጣ ትልቁ ገበታ ዱብ ብሎ ቦታው ላይ ያርፋል፣ ክንፉና ገበታው እኩል ይሆናሉ። ይኸው ነው። ማጠፊያ የለ፣ ብረት ሐዲድ የለ፣ ከቁም ሣጥን ጀርባ የሚወጣ ነገር የለ።

ስሌቱም ቀላል ነው። የገበታው ውፍረት 2.5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ክንፉ 60 ሴንቲ ሜትር ሲጓዝ 2.5 ሴንቲ ሜትር መውጣት አለበት። በየ24 ሴንቲ ሜትሩ አንድ ሴንቲ ሜትር ማለት ነው፤ የዘንጉ ዳገት ያችው ናት። ትልቁ ገበታ በብሎን አይታሰርም። ከሥሩ በመሐል በኩል «ድልድይ» የሚሉት አግዳሚ ጣውላ አለ፤ ገበታው በሁለት የእንጨት ችካል በድልድዩ ላይ ተሰክቶ ወደ ላይና ወደ ታች እንጂ ወደ ጎን እንዳይሄድ ይያዛል። የዘንጉ ግማሽ ወደ ውጭ ሲወጣ ግማሹ ከውስጥ ይቀራል፣ ጅራቱም ከድልድዩ ሥር ይገባል። ሰው ክንፉ ላይ ሲደገፍ ጅራቱ ወደ ላይ ሊነሳ ይሞክርና ድልድዩ ጫን አድርጎ ይይዘዋል። «ልጅ ቢንጠለጠልበትስ?» አልኳቸው። «ልጅህን አምጣውና ይንጠልጠል» አሉኝ።

ልብ ያላችሁ እንደሆነ፣ በዚህ አሠራር እግሮቹ አይንቀሳቀሱም። ድስት የሚቀመጥበት መሐሉ ሁልጊዜ እንደ ጠነከረ ነው፤ የሚረዝመው ዳርና ዳሩ ብቻ ነው። ገደብም አለው፤ ሁለቱ ክንፎች ከአንድ ገበታ ሥር ስለሚተኙ አንዱ ክንፍ ከገበታው ግማሽ ሊበልጥ አይችልም። የኛው ተዘግቶ 140፣ ተከፍቶ 260 ሴንቲ ሜትር ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን ተከራከርን። ክንፉ ከገበታው ሥር ስለሚተኛ ለጉልበት የሚተርፈው ቦታ ይጠባል። ጠረጴዛው ከመሬት 75 ሴንቲ ሜትር ነው። ከዚያ ላይ የገበታውን 2.5፣ የክንፉን 2.5 ቀንሱ። አናጢው መቀነቱን 12 ሴንቲ ሜትር ሊያደርጉት አሰቡ፤ 58 ይቀራል። ወንበሩ 45 ከሆነ ለጭን የሚተርፈው 13 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ወፈር ላለ ሰው አይበቃም፤ እናቴ ደግሞ በቀሚስ ላይ ጋቢ ደርባ ነው የምትቀመጠው። «ስምንት ያድርጉልኝ» አልኩ። «ይልፈሰፈሳል» አሉ። ሁለት ቀን አሰቡበትና፣ እግሮቹ ስለማይሸሹ ርዝመቱ አጭር ነው፣ ውፍረቱን ከጎን ብጨምርበት ይችላል ብለው ተስማሙ። እግሮቹን ደግሞ ከገበታው ጫፍ አሥር አሥር ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ አስገቧቸው። ለምን? ጠረጴዛው ሲከፈት በአንድ ጎን አራት ሰው ይቀመጣል፣ ለያንዳንዱ 65 ሴንቲ ሜትር ይደርሰዋል። እግሩ እንዲህ ሲሆን ከአንደኛውና ከሁለተኛው ሰው መሐል ላይ ይወድቃል እንጂ የማንንም ጉልበት አይከፍልም። ይህን ያሰቡት እሳቸው ናቸው፤ እኔ ስለ እናቴ ጉልበት የነገርኳቸውን አልረሱም።

እንጨቱ ዋንዛ ነው። እናቴ ቤት ከዓመታት በፊት በነፋስ የወደቀች ዋንዛ ተሰንጥቃ ጣውላዋ ቆጥ ላይ ተቀምጦ ነበር። «ለምን እንደሆን ሳላውቅ ነው ያስቀመጥኩት» አለችኝ። አናጢው ጣውላውን በጣታቸው ኳ ኳ አድርገው ሰሙና «ይኸ ደርቋል» አሉ፤ ደስ እንዳላቸው ፊታቸው ላይ አየሁ። በጭስ ደርቆ የከረመ ጣውላ በገንዘብ አይገኝም።

ሥራው የተጀመረው የካቲት ላይ ነው። አንድ ቀን ብቅ ብል፣ ሰውየው በዘንጉና በመውጫው መሐል ቁራጭ ካርቶን እየከተቱ ይለካሉ። ክፍተቱ በዛብኝ፤ ዘንጉ ቀጭ ቀጭ ይላል። «አይላላም?» አልኳቸው። «አሁን ልክ ከሆነ ሐምሌ ላይ ለቅሶ ነው» አሉኝ። እንጨት በርዝመቱ በኩል ብዙም አይለወጥም፤ በወርዱ በኩል ግን በክረምት እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል። 90 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው ገበታ በበጋና በክረምት መሐል ጥቂት ሚሊ ሜትር ይለዋወጣል። ገበታው በብሎን ግጥም ተደርጎ ቢታሰር አንድ ቀን ጧ ብሎ ይሰነጠቃል። ችካሎቹ የገቡበት ቀዳዳ በአንድ በኩል ሞላላ የሆነው ለዚህ ነው።

ጠረጴዛው ለፋሲካ አልደረሰም። (አናጢና ቀጠሮ፤ ይህንን ሌላ ጊዜ እናወራዋለን።) ለማርቆስ ግን ደረሰ። ሚያዝያ 30 ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤቱ ሞላ። እኔና ወንድሜ እንደ ልማዳችን እጅጌ ልንሰበስብ ስንል ባለቤቴ በዓይኗ ከለከለችን። የአሥር ዓመቷ ልጄ ሄደች፣ ከጠርዙ ሥር ያለውን መያዣ ይዛ ሳበች፤ ክንፉ ወጣ፣ ገበታው ዱብ አለ። ዞራ ሌላኛውን ሳበች። ወንድሜ ከሥር ሊያይ ጎንበስ አለ፤ የሚታይ ነገር አልነበረም።

እናቴ ዱካዋን ፍለጋ ወደ ጥጉ እያየች ነበር። ዱካውን ባለቤቴ ጠዋት ማጀት አስገብታዋለች። «እማማ፣ እዚህ ይቀመጡ» አለቻት፣ ወንበሩን ከክንፉ ጫፍ አስጠግታ። የጠረጴዛው ራስ ነው፤ እግር የለበትም።

«ከራስጌው? እኔ? አባታችን እያሉ!» አለች እናቴ፣ አማቴን እያየች።

አማቴ ሌላኛው ክንፍ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ድፎ ዳቦውን ሊባርኩ ነበር። «ይኸ ጠረጴዛ ራሱ ሁለት ነው እመቤቴ፤ ይቀመጡ!» አሏት። ሳቅ ሆነ፣ ተቀመጠች። ትንንሾቹም ዱካ ፍለጋ አልሄዱም፣ አንዱን ወንበር ለሁለት ተጋርተው አጠገቧ ተለጠፉ።

እንከን የለበትም እንዳልላችሁ። 260 ሴንቲ ሜትር ጠረጴዛ ላይ አንድ ትሪ እንጀራ ለሁሉም አይደርስም፤ አሁን ሦስት ትሪ ነው የምናቀርበው፣ ሦስት ትሪ ሲሆን ደግሞ ጨዋታውም በሦስት ይከፈላል። በዚህ በኩል መሶብን የሚያህል የለም። ሌላው መዝጊያው ነው። ለመክፈት መሳብ ብቻ ነው፤ ለመዝጋት ግን ትልቁን ገበታ በአንድ እጅ ትንሽ ከፍ አድርጎ ክንፉን ወደ ሥሩ መግፋት ያስፈልጋል፣ የሕፃን ጣት እዚያ መሐል ከገባ አደጋ ነው። ስለዚህ ቤታችን ውስጥ ልጅ ይከፍታል፣ ትልቅ ሰው ይዘጋል። ልጅ ያላችሁ አናጢያችሁን ዘንጉ ጨርሶ ተስቦ እንዳይወጣ ማቆሚያ ችካል እንዲያደርግበት ጠይቁ፤ የኛ ትንሹ በሁለተኛው ቀን ሙሉ ክንፉን ይዞ ወደ በረንዳ ሊሄድ ሞክሯል። ከሱቅ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ሻጩ ሲከፍተው አትዩ፤ ራሳችሁ ብቻችሁን ክፈቱት፣ ከዚያም በየወንበሩ ተቀምጣችሁ ጉልበታችሁ የት እንደሚያርፍ እዩ። ትርፉ ገበታ ቤታችሁ ውስጥ የት ሊቀመጥ እንደሆነም ከመክፈላችሁ በፊት አስቡበት።

ሐምሌ ገብቶ ሁለት ሳምንት ዝናቡ አላባራም ሲል የቀኙ ክንፍ ጠበቅ አለ። ልጄ ሳበችው፣ እምቢ አላት። ልቤ ደነገጠ፤ ያው የድሮው ጉተታ ሊመለስብን ነው ብዬ። አናጢው ጋ ደወልኩና «ዘይት ልቀባው?» አልኳቸው። «ዘይት እንዳታስነካው! አቧራ ሰብስቦ ጭቃ ይሆንብሃል፤ በሳምንቱ መጨረሻ መጥቼ አየዋለሁ» አሉኝ።

ሳይመጡ እናቴ ቀደመቻቸው። ለፍልሰታ ልትሰነብት መጥታ ነበር። ጠረጴዛውን ስታገል አየችኝ፤ እኔም አፏን እያየሁ «ተዉት በሞቴ» እስክትል ጠበቅሁ። አላለችም። የነጠላዋን ጫፍ ፈታች፣ ከቤተ ክርስቲያን ያመጣቻትን የጧፍ ቁራጭ አወጣችና «እኔ ቤት የበሩን መወርወሪያ ክረምት ክረምት ምን የማደርገው ይመስልሃል?» አለችኝ። ሰም ነው የምትቀባው። ክንፉን እንደምንም ስበን አወጣነው፤ ዘንጎቹን በጧፏ ላይ ታች አለችባቸው፣ እስኪያብረቀርቁ። ከዚያ ለልጄ «በይ እስኪ ሳቢው» አለቻት።

የጧፏ ቁራጭ አሁን ከጠረጴዛው ሥር ናት። አናጢው በሳምንቱ መጥተው አዩዋትና በድልድዩ ጎን ላይ ለሷ የምትሆን ትንሽ ማስቀመጫ በመሮ ፈለፈሉላት።